«ፈቲግ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሞችና አገባቡ

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ተተክቶ በተማሪው ደብተር ላይ ሲሰፍር፣ መምህሩ ግዴታውን የተወጣ፣ ተማሪውም ቃሉን የያዘ ይመስላል። በብዙ ቃላት ረገድ ይህ አሠራር ከፍ ያለ ጉዳት አያደርስም። ወንበር ወንበር ነው፤ ውሃም ውሃ ነው። የረቂቅ ነገር ስም የሆኑ ቃላት ግን በሁለት ቋንቋዎች ውስጥ ወሰናቸው እኩል አይሆንም። «ፈቲግ» የሚለው ቃል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በተለምዶ የሚሰጠው ፍቺ «ድካም» የሚል ሲሆን፣ ፍቺው ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ «ድካም» በአማርኛ የሚሸፍነው መስክ ሰፊ ከመሆኑም በላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚዘረጋ ስለ ሆነ፣ ይህን ፍቺ ብቻ ይዞ የባዮሎጂ፣ የቴክኒክ ወይም የጤና መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ አንዳንድ ጊዜ የተጻፈውን ተቃራኒ ተረድቶ ይነሣል።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ የሚተው አይደለም። ቃሉ በባዮሎጂ መምህሩ፣ በቴክኒክ መምህሩና በጤና ረዳቱ አሠልጣኝ እጅ ውስጥ በየፊናው ያልፋል። ስለዚህ ትርጉሞቹ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደ ተስፋፉ፣ ከአማርኛው «ድካም» ጋርም የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ በአንድነት መመልከቱ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

የቃሉ ምንጭና አነባበብ

ቃሉ ጥንተ ምንጩ ላቲን ነው። በላቲን «ፋቲጋሬ» ማለት ሰውን ወይም እንስሳን እስኪዝል ድረስ ማድከም፣ ማልፋት ማለት ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የፈረንሳይኛ አመጣጡን እስከ ዛሬ በአጻጻፉ ይዞ ይገኛል። መጨረሻው ላይ የተሰለፉት ጂ፣ ዩ እና ኢ የተባሉት ፊደላት እንደ አንድ «ግ» ብቻ ይነበባሉ። ተማሪዎች ቃሉን በመጀመሪያ ሲያገኙት «ፋቲጉ» ወይም «ፋቲጌ» ብለው ማንበባቸው የተለመደ ነው። ለማቅናት ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፤ በኳስ ጨዋታ ምክንያት ሁሉም የሚያውቁትን «ሊግ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጽፎ ማሳየት ይበቃል። አጨራረሱ አንድ ነው። የድምፁ ጭነት የሚያርፈው በሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ መሆኑን መጨመር ግን ያስፈልጋል።

ብዙ መምህራን ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። ይህ ቃል እኛ ዘንድ ከመዝገበ ቃላት ቀድሞ በወታደር ልብስ ስም ገብቷል። «ፋቲግ»፣ በአንዳንዱም አነጋገር «ፋቲክ» የሚባለው የወታደር ልብስ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በአውሮፓ ሠራዊቶች ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር፣ ሰፈር ማጽዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ወጥ ቤት ማገልገልና ይህን የመሰለው ከጦር መሣሪያ ጋር ግንኙነት የሌለው የጉልበት ሥራ «ፈቲግ» ይባል ነበር። ለሰልፍ የሚለበሰው ያማረ ልብስ በዚህ ሥራ እንዳይበላሽ ወታደሩ ሌላ ሻካራ ልብስ ይሰጠው ስለ ነበር፣ የሥራው ስም ወደ ልብሱ ተላለፈ። በዚህ ትርጉሙ ቃሉ ምንጊዜም የብዙ ቁጥር ምልክት ይዞ «ፈቲግስ» ተብሎ ይነገራል። በሌላው ትርጉሙ ግን የማይቈጠር ስም ስለ ሆነ የብዙ ቁጥር ምልክት አይጨመርበትም። «ድካሞች ተሰሙኝ» ለማለት «ፈቲግስ» ብሎ የጻፈ ተማሪ አንባቢውን የወታደር ልብስ እንደ ለበሰ ያስመስለዋል።

የአማርኛው «ድካም»

ወደ ትርጉሙ ከመግባታችን በፊት የራሳችንን ቃል መመርመር ይገባል። «ደከመኝ» የሚለው ግሥ ከ«ራበኝ»፣ ከ«ጠማኝ»ና ከ«በረደኝ» ጋር የሚሰለፍ ነው። በነዚህ ሁሉ ሰውዬው ድርጊቱን የሚፈጽም ሳይሆን ድርጊቱ የሚደርስበት ሆኖ ይነገራል። በእንግሊዝኛ ግን ደካሚው ባለቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት «ኢት ታየርድ ሚ» የሚል ዐረፍተ ነገር በተማሪዎች ደብተር ውስጥ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልጁ አማርኛውን በትክክል ገልብጧል።

ከአገባቡ ይልቅ የሚከብደው ግን የትርጉሙ ነገር ነው። «ድካም» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቆማል። ከሥራ በኋላ የሚሰማው የሰውነት መዛል ድካም ነው። ሥራው ራሱ፣ ጥረቱና ልፋቱም ድካም ነው፤ «የድካሙን ዋጋ አገኘ»፣ «ይህን ሁሉ ዘመን የደከምኩበት ልጅ» ሲባል የሚነገረው ስለ መዛል ሳይሆን ስለ ጥረት ነው። ከዚህም ሌላ አቅም ማነስ፣ ብርታት ማጣት ድካም ይባላል፤ «ደካማ ጎን»፣ «አቅመ ደካማ»፣ «እናቴ ደክመውብኛል» የሚሉት አነጋገሮች ከዚህ ወገን ናቸው። እንግሊዝኛ ለነዚህ ሦስት ነገሮች ሦስት የተለያዩ ቃላት ሲኖሩት፣ «ፈቲግ» የሚገባው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ጥረትንም፣ በተፈጥሮ ያለ ብርታት ማጣትንም አያመለክትም። የነበረ አቅም በተደጋጋሚ ወይም በረጅም ሥራ ምክንያት መቀነሱን የሚናገር ቃል ነው። በፊት ብርታት እንደ ነበረ በውስጡ ይታወቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚታዩት ትርጉሞች ሁሉ፣ ምንም እንኳ እርስ በርሳቸው የተራራቁ ቢመስሉ፣ ከዚህ ሐሳብ አይወጡም።

ይህ ልዩነት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ከቋንቋ ያለፈ ውጤት አለው። አንድ ልጅ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ምናልባትም ቁርስ ሳይቀምስ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያንቀላፋ «ደክሞታል» እንላለን። በሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤቱ ሲታይ ደግሞ «ደካማ ነው» እንላለን። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ስለ ሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገራችን አይታወቀንም። የመጀመሪያው ስለ ዛሬው ቀን የተነገረ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ ልጁ ማንነት የተሰጠ ፍርድ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የባሕርይ መግለጫ ላይ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም፤ መምህሩ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የባዕዱ ቋንቋ አስገዳጅነት ለእኛ ጠቃሚ ሆኖ ይታያል።

የጡንቻና የአእምሮ ፈቲግ

በባዮሎጂ ትምህርት የሚገኘው «መስል ፈቲግ» የጡንቻ መዛል ነው። ጡንቻ ደጋግሞ ሲሠራ የመኰማተር ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲያርፍ ግን ይመለስለታል። ይህን በመሣሪያ ከለኩት ሊቃውንት መካከል በቱሪን ከተማ ያስተምር የነበረው ኢጣሊያዊው አንጄሎ ሞሶ ዋነኛው ነው። ኤርጎግራፍ የተባለው መሣሪያው የሰውየውን ክንድ አጥብቆ ይዞ አንድ ጣት ብቻ ክብደት ደጋግሞ እንዲስብ የሚያደርግና የእያንዳንዱን ስበት ቁመት በወረቀት ላይ የሚመዘግብ ነበር። ሞሶ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ስለ ድካም በሚናገረው መጽሐፉ ከገለጻቸው ሙከራዎች አንዱ ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። ባልደረቦቹ ለተማሪዎች የቃል ፈተና ሲሰጡ ከዋሉ በኋላ የጣታቸው ኃይል ከፈተናው በፊት ከነበረው ቀንሶ ተገኘ። ጣታቸው ምንም አልሠራም፤ የሠራው አእምሯቸው ነው። ፈተና ያረመ መምህር ይህን ለመረዳት መሣሪያ አያስፈልገውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የጡንቻ መዛል መንሥኤ የላክቲክ አሲድ መጠራቀም ነው ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። የኋለኞቹ ምርምሮች ይህን አስተያየት በእጅጉ አዳክመውታል። ዛሬ በይበልጥ የሚጠቀሰው በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ የፎስፌት መብዛት፣ የካልሲየም አለቃቀቅ መታወክ፣ እንዲሁም ከአእምሮ የሚመጣው ትእዛዝ መላላት ነው። የባዮሎጂ መምህራን የቆየ ማስታወሻቸውን በዚህ ረገድ ቢያድሱት መልካም ነው።

ቃሉ ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ የገባው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1915 የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞችን ጤና የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመች። ሠራተኞቹ በሳምንት ሰባት ቀን፣ በቀንም እጅግ ረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር። ኮሚቴው ሰዓቱ ሲቀነስ ምርቱ ይቀንሳል የሚለው ግምት ትክክል አለመሆኑን፣ በአንዳንድ የሥራ ዓይነትም ሰዓቱ ሲያጥር ምርቱ ከፍ ማለቱን አረጋገጠ። ከጦርነቱ ፍጻሜ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ የኢንዱስትሪ ፈቲግ ምርምር ቦርድ ተመሠረተ። ነገር ግን ለቦርዱ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ በርናርድ ሙሲዮ እ.ኤ.አ. በ1921 «ፈቲግ» በአንድ መለኪያ ሊለካ የሚችል አንድ ነገር ስላልሆነ፣ ቃሉ ከትክክለኛ ሳይንሳዊ ውይይት ቢወጣ ይሻላል ሲል ጻፈ። የሚሰማን ድካምና የሥራችን ውጤት መቀነስ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ የደከመው ሰው አንዳንዴ ብዙ ይሠራል፣ ያልደከመው ደግሞ ተሰላችቶ ሥራውን ያበላሻል። ምክሩን ግን የተቀበለው አልነበረም፤ እንዲያውም ቃሉ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ተስፋፋ።

የብረት ፈቲግ

ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው «ሜታል ፈቲግ» የሚለው አነጋገር ነው። «የብረት ድካም» ብሎ የተረጐመ ተማሪ፣ «ድካም» ከሚለው ውስጥ «ደካማ» የሚለውን አውጥቶ፣ የሚነገረው ጥራት ስለ ጐደለው ብረት ይመስለዋል። የሚነገረው ግን ስለ ጠንካራ ብረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ አጠገብ የአንድ ባቡር መጐተቻ አክስል ተሰብሮ ከ50 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። በዚያ ዘመን መሐንዲሶችን ግራ ያጋባው አክስሉ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር የተሸከመውን ጭነት ተሸክሞ ሳለ ድንገት መሰበሩ ነበር። ስኮትላንዳዊው ራንኪን በተከታዩ ዓመት ስብራቱ ከአክስሉ ላይ ከሚገኝ ማዕዘን ተነሥቶ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ አመለከተ። በእንግሊዝኛ «ፈቲግ» የሚለው ቃል በጽሑፍ ርእስ ላይ ለብረት ተሰጥቶ የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ1854 ብሬይዝዌይት የተባለ መሐንዲስ ባቀረበው ጥናት ላይ ነው። በፕሩሲያ የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው አውጉስት ቮለር ደግሞ ለብዙ ዓመታት ባደረገው ሙከራ፣ ብረትን በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው ኃይል እጅግ ያነሰ ኃይል ደጋግሞ ቢያርፍበት ሊሰብረው እንደሚችል አሳየ። ወሳኙ የኃይሉ መጠን ብቻ ሳይሆን የድግግሞሹም ቁጥር ነው።

መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነገሩ በአየር ላይ ተደገመ። ኮሜት የተባለው የብሪታንያ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1952 በዓለም የመጀመሪያውን የጄት መንገደኛ አገልግሎት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በጥር 1954 አንዱ በኤልባ ደሴት አጠገብ፣ በሚያዝያ 1954 ሌላው በኔፕልስ አጠገብ በአየር ላይ ተበታትነው ባሕር ገቡ፤ በሁለቱም የነበሩት 56 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። መርማሪዎቹ ሌላ ኮሜት አምጥተው አካሉን በውሃ ገንዳ ውስጥ አስገቡና በውስጡ ያለውን ግፊት በበረራ ጊዜ እንደሚሆነው ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። በአገልግሎት ላይ ሳለ ከደረሰበት ጋር ተደምሮ ከ3000 ጊዜ ጥቂት ሲያልፍ አካሉ ተቀደደ። ስንጥቁ የተነሣው እንደ መስኮት ባሉ ክፍተቶች ማዕዘን አካባቢ ነበር፤ ኃይሉ የሚጠራቀመው በዚያ ነውና።

በክፍል ውስጥ ይህን ለማስረዳት አውሮፕላን አያስፈልግም። ጉጠት ያጣ ልጅ ሽቦ ለመቁረጥ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ይሰብረዋል። በአንድ እጥፋት የማይሰበረው ሽቦ በሃያኛው ወይም በሠላሳኛው ይሰበራል። ልዩነቱ ልጁ ሽቦውን ከቅርጹ እስኪወጣ ድረስ የሚያጥፈው ሲሆን፣ አክስሉ ግን ቅርጹ ሳይለወጥ በሚሊዮን በሚቈጠር ዙር መሰንጠቁ ነው። ይህን መጨመር ካልተዘነጋ ምሳሌው ያገለግላል።

እዚህ ላይ የገበሬው አነጋገር ይረዳናል። «መሬቱ ደክሟል» ሲባል፣ በፊት ያፈራ የነበረ መሬት በተደጋጋሚ ታርሶ ኃይሉ አለቀ ማለት ነው። ይህ «ድካም» ከሌሎቹ የአማርኛ ትርጉሞች ይልቅ ለ«ፈቲግ» የቀረበ ሲሆን፣ ሕይወት ለሌለው ነገር መነገሩም ለብረቱ መንገድ ይከፍታል። ይሁን እንጂ መሬት ጦም ቢያድር ይመለሳል፤ ጡንቻም ቢያርፍ ይበረታል። የተሰነጠቀ ብረት ግን ዓመት ቢያርፍ ስንጥቁ አይገጥምም። ስለዚህ ተማሪው ቃሉን ባገኘ ቁጥር «ይህ ዕረፍት የሚያስወግደው ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ እንዲጠይቅ ማልመድ ከማንኛውም ፍቺ ይልቅ ይጠቅማል።

በሽታን የሚያመለክተው ፈቲግ

ይኸው ጥያቄ በሕክምና ትምህርት ዋና ይሆናል። በደም ማነስ፣ በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በስኳር በሽታና በሌሎችም ደዌዎች ላይ «ፈቲግ» ከምልክቶቹ አንዱ ሆኖ ይዘረዘራል። ይህ ከሥራ በኋላ የሚመጣው ድካም አይደለም። ሕመምተኛው ራሱ በአማርኛ ሁለቱን ለይቶ ይናገራል፤ ከእርሻ ሲመለስ «ደከመኝ» የሚለው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ድካም ድካም ይለኛል» ይላል። ለሕክምናው «ፈቲግ» ከዚህ የተሻለ አማርኛ አይገኝም፤ የጤና ረዳት ተማሪዎች ከመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ይልቅ ይህን ቢይዙ ይመረጣል።

ዕረፍት ፈጽሞ የማያስወግደውና ለብዙ ወራት የሚቈይ አንድ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ «ክሮኒክ ፈቲግ ሲንድሮም» የሚል ስም ተሰጠው። ስሙ ሕመምተኞቹን ጐድቷል። «ፈቲግ» ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ፣ ሰሚው «እኔም እኮ ይደክመኛል» እያለ በሽታውን ያቃልለው ነበር። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ይህ ስም ሌላ እንዲተካበት ሐሳብ አቅርቧል። አንድ ቃል ለብዙ ነገር መዋሉ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የልብ መዛል

በቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ቃሉ ከሌሎች ስሞች ጋር እየተጣመረ የስሜት መዛልን ለመግለጽ ውሏል። በሆስፒታል ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን የማስጠንቀቂያ ደወል ከመልመዳቸው የተነሣ ነርሶች የማይሰሙት ሲሆን «አላርም ፈቲግ» ይባላል። የኮቪድ ወረርሽኝ በነበረበት በ2020 እ.ኤ.አ. ሰዎች ጥንቃቄውን እየተዉ ሲሄዱ «ፓንደሚክ ፈቲግ» ተባለ። የሌላውን ሥቃይ ደጋግሞ ከማየት የሚመጣው የርኅራኄ መንጠፍ «ኮምፓሽን ፈቲግ» ነው። በነዚህ ሁሉ አማርኛው «መታከት» ወይም «መሰልቸት» እንጂ «ድካም» አይስማማም።

ከነዚህ ውስጥ ለእኛ አገር ተማሪ በተለይ ሊብራራ የሚገባው «ዶነር ፈቲግ» የሚለው ነው። ስለ ድርቅና ስለ ርዳታ በሚጻፉ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ይህ አነጋገር ከአገራችን ስም አጠገብ ሲውል በተደጋጋሚ ታይቷል። ተማሪው ቃል በቃል «የለጋሾች ድካም» ብሎ ከተረጐመው፣ በአማርኛ የሚሰማው «የለጋሾች ጥረት፣ ልፋት» ሆኖ አረፈ፤ ምስጋና የቀረበ ይመስለዋል። የተጻፈው ግን ለጋሾቹ መስጠት ታክቷቸዋል የሚል ነው። ወቀሳው ወይም ማሳበቢያው እንደ ውዳሴ ተነበበ ማለት ነው። ትርጉሙን በትክክል የያዘ ተማሪ ደግሞ ተከታዩን ጥያቄ ለመጠየቅ ይበቃል፦ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የታከተው ማን ነው? የተራበው ሰው ነው ወይስ የሚሰጠው? እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ሳያስጠይቁ ማለፍ ለቋንቋ ትምህርት የሚገባ አይመስለኝም።

ቃሉን ስለማስተማር

«ፈቲግ» የመጽሐፍና የሙያ ቃል ነው። ከትምህርት ቤት የተመለሰ እንግሊዛዊ ልጅ ለእናቱ «ፈቲግ አለብኝ» አይልም፤ «ታየርድ» የሚለውን የዕለት ተዕለት ቃል ይናገራል። ይህ ቃል ራሱ በተከታዩ መስተዋድድ ምክንያት ትርጉሙ ይለዋወጣል። «ታየርድ ፍሮም» ሲሆን በሥራ ምክንያት ደከመኝ፣ «ታየርድ ኦቭ» ሲሆን ደግሞ ሰለቸኝ ማለት ነው። ትምህርት ደክሞኛል ለማለት ፈልጎ ትምህርት ሰልችቶኛል ብሎ የጻፈ ተማሪ በመምህሩ ሊቀየምበት አይገባም። «ዊሪ» የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፍ የሚዘወተር ሆኖ ከአካል መዛል ጋር የመንፈስ መታከትን ያጣምራል። «ኤግዞስትድ» አቅሙ ተሟጦ ያለቀ ማለት ስለ ሆነ «በጣም» የሚል ቃል አይቀድመውም።

ስለዚህ ለመማሪያ ክፍል የሚመረጠው ዘዴ ቃሉን ለብቻው ከነፍቺው መስጠት ሳይሆን ከነጓደኞቹ፣ ከ«መስል»፣ ከ«ሜታል»፣ ከ«ዶነር» ጋር በዐረፍተ ነገር ውስጥ አቅርቦ፣ ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን አማርኛ ራሳቸው እንዲፈልጉ ማድረግ ነው። መዛል፣ መታከት፣ መሰልቸት፣ መላላት፣ «ድካም ድካም ማለት» እያሉ ሲከራከሩ የሁለቱንም ቋንቋዎች ወሰን ያያሉ። ለብረቱ የተስማማ አንድ ቃል ላይገኝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ «በመደጋገም የሚመጣ የብረት መሰንጠቅ» ብሎ በሐረግ መግለጥ «ድካም» ከማለት ይሻላል።

ከዚሁ ቤተ ሰብ የሆነና በከፍተኛ ክፍሎች የንባብ ምንባብ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ አንድ ረጅም ቃል ይቀራል። «ኢንዲፋቲገብል» የተባለው ቅጽል ሊታክት የማይችል ሰውን የሚያመለክት የምስጋና ቃል ሲሆን፣ ተማሪዎች በርዝመቱ ይፈሩታል። ለእርሱ ግን ፍቺ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። «ደከመኝ፣ ሰለቸኝ የማይል» የሚለው አማርኛ በትክክል ይገጥመዋል።